ቀጥሎ ማን ይሞታል?

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አቃቂ
ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ አሰለፈች፣

ከሰላምታ በፊት በሞት ወሬ መጀመር ነውር መሆኑ አይጠፋኝም። ግን አንቺ ራስሽ «ጤናህን ኋላ ትነግረኛለህ፣ መጀመሪያ ይህን መልስልኝ» ብለሽ ስለጻፍሽ ታዘዝኩ። ቀጥሎ የሚሞተው ቦሪን ነው። ሌላ ማንም አይደለም።

ምክንያቴን ልንገርሽ። ባለፈው እሑድ ያ ሽማግሌ የጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ለወጣቱ ለኬኖ ምን አለው? «ዝናብ የመጣ ዕለት ባቄላ እዘራለሁ።» አበቃ። «የመጨረሻው ጉድጓድ» ከተጀመረ ወዲህ ስለ ነገ ያወራ ሰው ብዙ ሲቆይ አላየሁም። ምድር ደርቃ፣ ከተማው ሁሉ ባዶ ቀርቶ፣ አንዲት የጉድጓድ ውኃ ከበው የተረፉ ጥቂት ሰዎች ምን ነገ አላቸውና ነው?

እንዲህ የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። ከብሎካችን ስር፣ ኑሪ ሱቅ ደጃፍ የሚሰበሰቡት ልጆች በቦሪን ጉዳይ ለሁለት ተከፍለዋል። ቴሌግራም ላይም ቡድን አላቸው፤ ልጅሽ ዘአማኑኤል ማታ ከብየዳ ሥራው ሲመለስ ስልኩን ሰጥቶኝ አነባለሁ። አገር ምድሩ ስለ አንድ የሌለ ሰው ሞት ይከራከራል። አንዱ «ቦሪንን ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ጢሙን ተላጭቶ ፎቶ ተነስቷል፤ ጢሙን ከተላጨ ቦሪን ሞቷል ማለት ነው» ብሎ ጽፏል። ሌላው «ሰው ሠራሽ ጢም የለም እንዴ?» ብሎ ይመልሳል። እኔ መነጽሬን አድርጌ ሁሉንም አነባለሁ። ለእኛ የሽመና ማሽን ጆሯችንን በልቶ ለጨረሰው ሰዎች፣ ከስሩ የአማርኛ ጽሑፍ ያለው ፊልም መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። እንደ ሰው እኩል መሳቅ፣ እንደ ሰው እኩል መደንገጥ እንዴት እንደናፈቀኝ ያወቅኩት አሁን ነው።

የዓይንሽ ቀጠሮ በመድረሱ ደስ ብሎኛል። አትፍሪ። የልጅሽ የእየሩሳሌም መንታዎች እንደምን ናቸው? አራስ ሴት እናቷ አጠገቧ ስትሆን እንዴት እንደሚያምርባት ሥርጉት ትናገራለች፤ ምራትሽን ናፍቀሻታል። ዘአማኑኤልን ሳልህን ታከም ብትለውም «የብየዳ ጭስ ነው» እያለ ያልፋታል። ከታች እሱም የራሱን ይጨምርበታል።

ወንድምሽ የሺዋስ

የጋሼን ግምት እንዳታምኚ። ጋሼ ሁሉንም ሰው ነው የሚገድለው። ቦሪን አይሞትም፣ እሱ ከሞተ እኔም ማየት አቆማለሁ። ዓይንሽ ድኖ ሁሉንም ጥርት አድርገሽ እይ። ዘአማኑኤል።


ድሬዳዋ
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ የሺዋስ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ደብዳቤህ ደረሰኝ፤ ቦሪን ግን ቀድሞት ሞተ። ሳዲቅ የቦንዳ ልብሱን ጭኖ ከአዲስ አበባ ተመልሶ ፖስታውን ሲያቀብለኝ ሽማግሌው ከተቀበረ ሰንብቶ ነበር። ያንተ ትንቢት ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ልክ ሆኖ ይመጣል፣ ግን ከቀብር በኋላ ይመጣል።

አዎ፣ አለቀስኩለት። እንደምትስቅብኝ ባውቅም አልዋሽህም። እንኳንም ዓይኔ ሳይሠራ ሞተ፤ አሁን ቢሆን ተከልክያለሁ። የቀኝ ዓይኔ ሞራ ተገፎልኛል። ሐኪሙ የነገራትን እየሩሳሌም በወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችልኝ። እንዳታጎነብሺ፣ ሕፃናቱን እንዳታነሺ፣ እንዳታለቅሺ። ግራው ከገና በኋላ ነው። ሰው ውድ ነገሩን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል ይባላል፤ እኔ ዓይኔን እንደ ምን ልጠብቀው? ጆሮዬ ሄዷል። ዓይኔም ከሄደ አሰለፈች የሚባል ሰው አንድ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት ቀረ ማለት ነው።

አሁን የእኔን ግምት ስማ። ቀጥላ የምትሞተው ሐኪሟ ዳሊና ናት። የልጆቹን ክርክር አላነበብኩም፣ ቴሌግራምም የለኝም። ሰዎቹን አይቼ ነው። ጆሮ የሌለው ሰው ፊት ያያል አይደል? ስለ አንድ ሰው ክፉ ነገር የሚያውቁ ሰዎች የዚያ ሰው ስም ሲነሳ ዕቃ ያነሳሉ፣ በር ይዘጋሉ፣ ልብሳቸውን ያራግፋሉ። ባለፈው ክፍል ዳሊና ስትገባ ካፒቴኑ ኩባያውን አንስቶ ባዶውን ጠጣ። እሷ የማታውቀውን እሱ ያውቃል።

ዘአማኑኤልን ማየት አቆማለሁ ብለህ ነበር፣ አቆምክ ወይ በልልኝ። እንደማያቆም አውቃለሁ። ሳሉን ግን ቀልድ አታድርጉት። ልጅ ሆኖም ደረቱ ደካማ ነበር። በነጭ ሽንኩርት የሚያልፍ ካልሆነ ሐኪም ጋ ይሂድ፤ እናትህ አዛለች በለው።

ሕፃናቱ ወፍረዋል። ሲያለቅሱ ባልሰማም አፋቸው ሲከፈት አይቼ እሮጣለሁ፤ ማንሳት ስለተከለከልኩ ቆሜ እጄን አራግባለሁ። ያን ጊዜ ያስቃቸዋል።

እህትህ አሰለፈች


ገላን ኮንዶሚኒየም
ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለወይዘሮ አሰለፈች፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። ደብዳቤዬ በመዘግየቱ ይቅርታሽን እጠይቃለሁ። ብርዱ ጉልበቴን ይዞኝ ከቤት አልወጣሁም ነበር።

ስለ ዘአማኑኤል ለጠየቅሽው፣ መሥሪያ ቤቱ ለብረት ሥራ ወደ ሰመራ ልኮታል። እዚያ ይቆያል። ይህን እንድጽፍልሽ ሥርጉት ነግራኛለች። በዚህ ደብዳቤ ላይ የራሱን ቃል ያልጨመረውም ለዚህ ነው።

ስለ ዳሊና ያልሽውን አነበብኩ። እኔ የምትሞት አይመስለኝም። እንዲያውም ከእንግዲህ ማንም የሚሞት አይመስለኝም። የፊልም ሰዎችም ልብ አላቸው፤ እስከ መቼ ሰው ሲገድሉ ይኖራሉ? ዝናብ ይመጣላቸውና ሁሉም ባቄላውን ይዘራል። እኔ እንዲህ ገምቻለሁ።

ቴሌግራሙን ሰሞኑን አላየሁትም። ልጆቹም ኑሪ ሱቅ ደጃፍ ብዙ አይቆሙም፤ ፈተና ይዟቸው ይሆናል።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ዓይንሽ ድኖ እስኪያልቅ ይህን ፊልም አትዪው። ለሌለ ሰው ብለሽ ዕንባ አታፍስሺ። ሐኪሙ ያለሽን ሁሉ ጠብቂ። የግራው ዓይንሽ ቀጠሮ በምንም ምክንያት እንዳይተላለፍ። ቤተሰቡ ሁሉ ሰላም ይልሻል።

ወንድምሽ የሺዋስ


ድሬዳዋ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሺዋስ፣

ከመቼ ወዲህ ነው «የተከበርሽው ወይዘሮ» የሆንኩት? በሥጋ ባንዛመድም አንድ ማሽን ላይ ፊት ለፊት ቆመን ያረጀን ሰዎች አይደለን? ሳነበው ከቀበሌ የተጻፈልኝ መስሎኝ ፖስታውን መልሼ አየሁት።

ዳሊና ሞታለች። ልመናህን ሳልሰማ አየሁት፤ ግን አላለቀስኩም፣ አትስጋ። የገረመኝ የእሷ ሞት አይደለም። ያንተ ነገር ነው። «ከእንግዲህ ማንም አይሞትም» ትለኛለህ። አንተ እኮ በመጀመሪያው ክፍል ፈረሱን ሳይቀር «አይተርፍም» ብለህ የጻፍክልኝ ሰው ነህ። ሰው መግደል መቼ ተውክ?

ሳዲቅ ያንተን ደብዳቤ ለግቢው ዘበኛ ሰጥቶ ሄደ። ሁልጊዜ ገብቶ ሻይ ጠጥቶ፣ የአዲስ አበባን ዋጋ በጣቱ እየቆጠረ አሳይቶኝ፣ አስቆኝ ነበር የሚሄደው። በመስኮት አየሁት፤ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠምንና ጭነቱን ማስተካከል ጀመረ። ጭነቱ ምንም አልሆነም ነበር።

እየሩሳሌም በኅዳር ለስልጠና ብላ ሕፃናቱን ለባሏ እናት ትታ አዲስ አበባ ሄዳ ነበር። አራስ ሴት ወደ ስልጠና የሚጠራ ምን መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ስትመለስ ፊቷ አብጦ ነበር። «የመኪና አቧራ» ብላ ጻፈችልኝ። ትናንት ደግሞ ስታጠባ ደረስኩባት፤ ዕንባዋ የሕፃኑ ግንባር ላይ ይንጠባጠባል። «ብርድ ይዞኝ ነው» ብላ ጻፈች። የድሬዳዋ ብርድ!

ሰመራ ሙቀት ነው ይባላል። ለዘአማኑኤል ስስ የጥጥ ሸሚዝ ገዝቼ በሳዲቅ በኩል ልኬያለሁ። ከእሱ ሌላ የምፈልገው የለኝም፣ አንድ መስመር ብቻ። «ደህና ነኝ» ይበል ወይም «ኬኖ አይሞትም» ይበል፣ የፈለገውን ይጻፍ። እጁን አውቀዋለሁ፤ «አ»ን ሲጽፍ እግሯን ያስረዝማታል። ያቺን ረጅም እግር ልያት።

አሰለፈች


ገላን ኮንዶሚኒየም
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰለፈች፣

ሸሚዙ ደርሷል። ሥርጉት ተቀብላ አስቀምጣዋለች።

የጠየቅሽኝን መስመር መላክ አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ በዚህ ደብዳቤ አልጽፍልሽም። ለሁለት ሳምንት ያህል ብዕር እያነሳሁ አስቀምጫለሁ፤ የጻፍኩትም ቀድጄዋለሁ።

ስለ ኬኖ ግን ልመልስልሽ። ልጆቹ እንደገና መከራከር ጀምረዋል። ግማሹ በዚህ ወር ያልቅለታል ይላል፣ ግማሹ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል ይላል። እኔ እንደ ድሮው ከመሃል አልገባሁም። ዳር ቆሜ ፊታቸውን ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። እንዲሞት ፈልገው አይደለም የሚከራከሩት። አስቀድመው ካሰቡት፣ ሲመጣ የሚያመው የሚቀንስላቸው መስሏቸው ነው።

አይቀንስም።

የግራ ዓይንሽ ቀን ደርሷል። እባክሽ ሄደሽ ተሠሪ። ከዚህ ሌላ የምለምንሽ የለኝም።

የሺዋስ


ድሬዳዋ
ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ የሺዋስ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰህ። ግራ ዓይኔ ተሠርቷል። መጋረጃው ላይ ያሉትን ትንንሽ አበቦች ሁሉ አያቸዋለሁ፤ ለካ ሐምራዊ ናቸው፣ ግራጫ መስለውኝ ነበር።

ባለፈው ደብዳቤዬ አስጨንቄህ ከሆነ ይቅር በለኝ። ከእንግዲህ አልጠይቅህም፤ አንተም መልስ ፍለጋ አትንገላታ። ወረቀት አትቅደድ።

እየሩሳሌም ብዙ ትደክማለች። እኔ ፊት ስትደርስ ፊቷን በመሐረብ ጠርጋ፣ ፈገግታ አዘጋጅታ ነው የምትገባው። ሕፃናቱን ይዛ ጀርባዋን ስትሰጠኝ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። እንዳልሰማት አውቃ ጓዳ ገብታ ድምፅ አውጥታ ታለቅስ ይሆናል፤ አላውቅም። የጎረቤት ሴቶች መጥተው እኔን አይተው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ ከዚያ ስለ ዓይኔ ይጠይቁኛል። ልጄ ይህን ሁሉ ሸክም ብቻዋን ተሸክማለች። እኔም እንዳላየሁ ሆኜ አግዛታለሁ። አሁን ላደርግላት የምችለው ይህን ብቻ ነው።

እሑድ ዕለት «የመጨረሻው ጉድጓድ» ሲጀምር ተነስቼ ዘጋሁት። ኬኖ ይሙት ይኑር አላውቅም፤ ብታውቅም አትንገረኝ። ወጣት ነው። እናቱ በየትኛውም ክፍል ታይታ አታውቅም፤ አስተውለሃል? ይህን ያህል ሰው ስለ ልጁ ሲከራከር አንድም ሰው «እናቱ የት ናት?» ብሎ አልጠየቀም።

ሐኪሙ ቀን ቆርጦልኛል። እስከዚያ ዓይኔን እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ዓይኔ የራሴ ነው።

ለሥርጉት፣ በርቺ በልልኝ።

እህትህ አሰለፈች


ድሬዳዋ
የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ የሺዋስ፣

በሰላም ገብቻለሁ። ባቡሩ ጥሩ ነበር፤ እየሩሳሌም ትከሻዬ ላይ ተኝታ መጣች። ብዙ ጊዜ እንቅልፍ አልነበራትም።

መርዶውን እንዴት እንደነገሩኝ ጠይቀህ በሳዲቅ እጅ የላክልኝን ብጣሽ ወረቀት አንብቤያለሁ። አልነገሩኝም፣ የሺዋስ። ሐኪሙ «ድነሻል» ባለኝ ማግስት ማለዳ እንደሚመጡ አውቄ ነበር። ከእነሱ ቀድሜ ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ፣ ጥቁር ልብሴን ለበስኩ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። በሩ ሲከፈት ሳዲቅ አለ፣ የእየሩሳሌም አማች አለ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። አንደኛው ሽማግሌ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። እኔ ነኝ «ግቡ» ያልኳቸው። ያን ጊዜ እየሩሳሌም እግሬ ላይ ወደቀች።

ስንት ወር ሙሉ አጠራቅሜ የያዝኩትን አለቀስኩ። አርባው አልፎኛል፤ ለሰማንያው ግን ደረስኩ። ሳሪስ አቦ ቅጽር ውስጥ አንተና እኔ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ልጠይቅህ ፈልጌ ነበር፤ ግን ታውቀዋለህ፣ እኛ ሁለታችን ስናወራ እንጮሃለን። ራሳችን ስለማንሰማው ዝግ ያልን ይመስለናል። ያን ጥያቄ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል መጮህ አልቻልኩም።

ስለዚህ አሁን እጠይቅሃለሁ። ልጄ እንዴት ሞተ?

ሰው ሁሉ መጥቶ ነገረኝ። እጄን ይዘው፣ ጉልበቴን ይዘው፣ እያለቀሱ ነገሩኝ። እኔ ግን የያዝኩት የለም። ሽመና ክፍል ውስጥ በዚያ ጩኸት መሃል ከንፈር ማንበብ ተምረናል፤ የሚያለቅስ ከንፈር ግን አይነበብም። ይንቀጠቀጣል፣ ይጣመማል፣ ቃሉ ይፈርሳል። በልጄ ለቅሶ ላይ ስለ ልጄ ያልሰማሁ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጻፉልኝ ስላቸው ሥርጉት «አልተሠቃየም» ብላ ጻፈች፤ እየሩሳሌም «በሰላም ነው ያረፈው» አለች። እነሱ እኔን እየጠበቁ ነው፣ አልቀየማቸውም። ግን ይህ በየመቃብሩ ላይ የሚጻፍ ነው። የማንም ሊሆን ይችላል። የኔን ልጅ ጻፍልኝ።

አንተ እዚያ ነበርክ አሉኝ። ያየኸውን ጻፍልኝ፤ አታሳምረው።

አሰለፈች


ገላን ኮንዶሚኒየም
የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ አሰለፈች፣

እንዳልሽው አላሳምረውም።

ኅዳር ሲገባ ሳሉ ጠና። ሥራ አልቀረም፤ «ሰኞ እታከማለሁ» እያለ ሰኞ ያልፋል። አንድ ቅዳሜ ደረጃውን ስወርድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ አገኘሁት። «ጋሼ፣ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» አለኝ። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ባጃጅ አስጠራሁና ከሥርጉት ጋር ይዘነው ሄድን። ሳንባ ምች ነው፣ ደሙ ውስጥ ገብቷል፣ ዘግይታችኋል አሉን። ዘግይታችኋል ያሉትን ሥርጉት ናት ጽፋ ያሳየችኝ።

አልተሠቃየም ብዬ አልጽፍልሽም። ለመተንፈስ ይታገል ነበር። አፉና አፍንጫው ላይ የላስቲክ ጭንብል አድርገውለት፣ ደረቱ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል። ትኩሳቱ ሲበርድለት ግን ያውቀናል። አንድ ቀን በምልክት ስልኩን ጠየቀኝና «ለእናቴ እንዳትነግሩ፣ ዓይኗ» ብሎ ጻፈ። ዝም ያልነው ሁላችንም ፈርተንልሽ ብቻ አይደለም፤ የእሱ ትእዛዝም ነበረበት። ሰመራ የምትለዋን ግን እሱ አላለም፣ የእኛ ናት።

የሞተው ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ ነበር። ሥርጉት እጁን ይዛለች፣ ነርሷ በራስጌው ቆማለች፣ እኔ በግርጌው ነኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ነርሷ ጆሮዋን ወደ ጭንብሉ አስጠግታ «ምን አልክ?» ስትለው አየሁ። ቀና ብላ ለሥርጉት ራሷን ነቀነቀች። ድምፅ አልነበረውም። ላስቲኩ ግን እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ ነው፤ እኔ ከንፈሩን አነበብኩት። «መስኮቱን ክፈቱት» አለ። ሄጄ ከፈትኩት። ነርሷ በመገረም አየችኝ። ነፋሱ ሲነካው ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚያ አንድ ቃል ደጋግሞ አለ። አሁን የምጽፍልሽን ለማንም አልነገርኩም። ወይ «እማዬ» ብሏል፣ ወይ «አባዬ» ብሏል። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ከንፈር ላይ «ማ» እና «ባ» አንድ ናቸው። አንዴ ማሽኑ ክር «በላ» ስትይኝ እኔ «መላ» ብዬ አንብቤ መላ ስፈልግ ስንት ሜትር ጨርቅ ተበላሽቷል። እዚያ እጅ ነበረን፣ በእጅ እናስተካክል ነበር። የእሱ እጅ ግን ሥርጉት እጅ ውስጥ ነበር።

«አንቺን ጠራ» ብዬ ብጽፍልሽ የሚያጋልጠኝ ሰው የለም። ልጽፈው ነበር። ግን በሰመራ ጉዳይ የዋሸሁሽ ይበቃኛል። ያኔ አንድ መስመር ስትጠይቂኝ ሰዎች «በእሱ እጅ ጽሑፍ አስመስለህ ጻፍላት» ብለውኝ ነበር። ያቺን የ«አ» እግር እንዴት እንደሚያስረዝማት እኔም አውቃለሁ። አልቻልኩም። አሁንም አልችልም። ያየሁት ይህ ነው። አንቺን ጠርቶ ይሆናል፤ ወይም ገና ጡት ሳይጥል የሞተበትን አባቱን ጠርቶ ይሆናል። ሰው እዚያ በር ላይ ሲደርስ ማን እንደሚታየው እኔ አላውቅም።

የተቀበረው እሑድ ነው። ስንመለስ ፊልሙ የሚታይበት ሰዓት ነበር። ኑሪ ሱቅ ደጃፍ ልጆቹ ሁሉ ቆመዋል፤ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ከእነሱ አንዱ፣ ሮሪሳ የሚባለው ረጅሙ ልጅ፣ ስልኩ ላይ ጽፎ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይህኛውን አልገመትንም» ይላል።

እኔ ልጅ የለኝም። ልጅ የሞተበት ሰው ምን እንደሚሰማው ስለማላውቅ ላጽናናሽ አልደፍርም። ሥርጉትን በየቀኑ አያታለሁ። መብላት ጀምራለች።

ወንድምሽ የሺዋስ


ድሬዳዋ
የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ የሺዋስ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሁን ልጄ እንዴት እንደሞተ አውቃለሁ። ሌሎቹ ደግ ሆነውልኛል፤ አንተ ግን ልጄን መለስክልኝ። መስኮቱን ስለከፈትክለት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጅ ሆኖም የተዘጋ ቤት አይወድም ነበር።

ሥርጉትን አደራ። ለፋሲካ ሕፃናቱን ይዘን እንመጣለን፤ እዚያው እቆያለሁ። እየሩሳሌም ተስማምታለች። ሥርጉት ብቻዋን በዚያ ቤት መክረም የለባትም።

ስለዚያች ቃል ብዙ አሰብኩ። ሌሊት ከንፈሬን በመስታወት እያየሁ ሁለቱንም አልኳቸው። እውነትህን ነው፤ አንድ ናቸው።

እኔ ግን የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። «እማዬ» አይደለም። ዘአማኑኤል እንዲያ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ጓደኞቼ «አሰለፉ» ሲሉኝ እየሰማ ስላደገ አፉን የፈታው በ«አሰለፉ» ነው፤ ሚስት አግብቶም «አሰለፉ» ነበርኩ። ለሌላ ሰው ሲያወራ «እናቴ» ይላል፣ ሲጠራኝ ግን በስሜ ነው። አባቱን ደግሞ አያውቀውም። ፎቶውን እንኳ «ያ ሰውዬ» ነበር የሚለው።

«አባዬ» ሲል አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያኔ ጆሮዬ ገና ደህና ነበር፤ ያንተ ግን ከብዶ ነበር። ከሥራ ስንወጣ ጎረቤት ይዛው የፋብሪካው በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። እጇን አስለቅቆ ሮጠ። ወደ እኔ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። አልፎኝ ሄዶ ያንተ እግር ላይ ተጠመጠመና «አባዬ!» አለህ። ዘበኞቹ ሳቁ። ልጁ አፈረ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ «ጋሼ» ነው ያለህ። አንተ አልሰማኸውም፤ ጎንበስ ብለህ ራሱን ዳሰስክና አለፍክ። እኔም ባሌ የሞተብኝ ወጣት ሴት ነበርኩ፤ ሰው ምን ይላል ብዬ አልነገርኩህም።

አንተ በግርጌው ቆመህ ነበር። ዓይኑን ሲገልጥ ያየው አንተን ነው። የጠራውም ያየውን ነው።

ከእንግዲህ ሰው «ልጅ አለህ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅህ «አልወለድኩም» አትበል፣ የሺዋስ። «ልጅ ሞቶብኛል» በል።

እህትህ አሰለፈች